የፍሬን ቱቦ መሥሪያ መሣሪያ አመራረጥ

የማኅበሩ ፒክአፕ መኪና ፍሬን ሲረገጥ በቱቦው ውስጥ ባለው ዘይት ላይ ብርቱ ግፊት ያርፋል። በዛገው ፈንታ የተተካው ቱቦ አፉ ጠማማ ወይም የተሰነጠቀ ከሆነ ዘይቱ ይፈሳል፤ ፍሬኑም ቁልቁለት ላይ እምቢ ሊል ይችላል። ስለዚህ የግዢ ኮሚቴዎች መሣሪያውን በርካሽነቱ ብቻ እንዳይመርጡ የልማት ሠራተኞች እንዲያስረዱ እናሳስባለን።

1. መቁረጫ፦ በቱቦው ዙሪያ የሚሽከረከር ክብ ስለት ያለው ይሁን። የብረት መጋዝ ጠርዙን ያሻክራል፤ ብናኝም ውስጥ ያስቀራል።

2. አፍ ማስፊያ፦ ቱቦውን ሳያንሸራትትና ሳይቧጭር አጥብቆ የሚይዝ፣ ከቱቦው ልክ ጋር የሚስማማ ይሁን። በብዙ ቀላል መኪናዎች የቱቦው የውጭ ዲያሜትር 4.75 ሚሊሜትር ነው። አፉን ሳያጥፍ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያሰፋ መሣሪያ ለፍሬን አይሆንም። የሚፈለገው በ45 ዲግሪ ተደርቦ የታጠፈ ወይም እንደ አረፋ ያበጠ አፍ ነው። አንዱ ሌላውን ስለማይተካ አስቀድሞ የአሮጌውን ቱቦ አፍ ማየት ይገባል።

3. ሙከራ፦ ከመግዛት በፊት በቁራጭ ቱቦ ላይ ይሞከር። አፉ ክብ፣ መሐሉን ያልሳተ፣ ስንጥቅ የሌለበት ከሆነ መሣሪያው ደህና ነው።

ቱቦውም ለፍሬን የተሠራ ብረት ወይም የመዳብና የኒኬል ቅይጥ ይሁን፤ ንጹሕ መዳብ አይሁን። ከተገጠመ በኋላ አየሩ ይውጣ፤ ፔዳሉ በኃይል ተረግጦ መጋጠሚያው ደረቅ መሆኑ ሳይረጋገጥ መኪናው ጭነት እንዳይጫን አደራ እንላለን።