ማረሻው ከቤት ይገባል፤ ቀጥቃጩስ?

የቴሌቪዥን ድራማ ከመዝናኛነቱ ባሻገር የአንዱን ኅብረተሰብ ገመና ለሌላው የሚያደርስ መሣሪያ ነው። በሐይቅ ከተማ ወይም በአምባሰሏ ውጫሌ ከሥራ መልስ ተቀምጦ የባሕር ማዶ ድራማ የሚመለከት ሠራተኛ፣ ጥቁሩ ሰው በቆዳው ቀለም ሳቢያ ሲዋረድ ሲያይ ይቆጣል። ቁጣው ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ አንድ ጥያቄ ሊነሣ ይገባል፦ ይህ ቁጣ ከቴሌቪዥኑ መስኮት አልፎ እስከ ገዛ ደጃፋችን ይደርሳልን?

ለዚህ ጥያቄ አብነት የሚሆነን «ኢን ዘ ሂት ኦፍ ዘ ናይት»፣ በእኛ ቋንቋ «በሌሊቱ ወበቅ» ልንለው የምንችለው የአሜሪካ ሥራ ነው። በመጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ1965 የወጣ የጆን ቦል ልብ ወለድ ነበር፤ በ1967 ፊልም ሆነ፤ ከ1988 ጀምሮ ደግሞ በተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማነት ለዓመታት ታየ። በፊልሙና በድራማው ታሪኩ የሚፈጸመው በሚሲሲፒ ክፍለ ግዛት ስፓርታ በተባለች ትንሽ ከተማ ነው። በፊልሙ ውስጥ ፋብሪካ ሊያቋቁም የመጣ አንድ ባለ ሀብት ይገደላል። የከተማይቱ ፖሊስ በባቡር ጣቢያ ተቀምጦ ባቡር የሚጠብቅ ጥቁር መንገደኛ ያገኛል፤ በኪሱም ገንዘብ ስለተገኘበት ብቻ ነፍሰ ገዳይ ነው ብሎ ይይዘዋል። ሰውየው ግን ቨርጂል ቲብስ የተባለ የፊላደልፊያ ፖሊስ መርማሪ፣ ያውም የነፍስ ግድያ ምርመራ ሊቅ ሆኖ ይገኛል።

የድራማው ቁም ነገር ከዚህ ይጀምራል። ከተማይቱ የቲብስን ሙያ ትፈልጋለች፤ የሟቹ ሚስት እርሱ ምርመራውን ካልያዘ ፋብሪካው ይቀራል ስትል፣ ሹማምንቱ ሳይወዱ በግድ ያሠሩታል። እጁን ይፈልጉታል፤ ሰውነቱን ግን ይክዱታል። የዘር ጭቆና በየትም አገር ያለው ባሕርይ በአጭሩ ይኸው ነው፤ ሥራውን ተቀብሎ ሠራተኛውን ከደጅ ማስቀረት።

የፊልሙ አሠራር ራሱ ምስክር ነው። ታሪኩ የሚሲሲፒ ቢሆንም፣ ቲብስን ሆኖ የተጫወተው ሲድኒ ፖይቲየር በዚያን ጊዜ ወደ ደቡቡ ክፍል መሄድ ለሕይወቱ አስጊ ስለ ነበረ፣ ፊልሙ በአመዛኙ የተቀረጸው በሰሜን፣ በኢሊኖይ ነበር። ፍርሃቱ መሠረት ነበረው። በዚያችው ሚሲሲፒ እ.ኤ.አ. በ1955 ኤሜት ቲል የተባለ የ14 ዓመት ልጅ ተገድሎ፣ ነጮች ብቻ የተቀመጡበት የዳኝነት ጉባዔ አንድ ሰዓት ያህል ተማክሮ ተከሳሾቹን በነፃ ለቋቸዋል። የቴሌቪዥኑ ድራማ ግን ከ20 ዓመት በኋላ እዚያው ደቡብ፣ በሉዊዚያናና በጆርጂያ ትንንሽ ከተሞች ሊቀረጽ ቻለ። ለውጡ የትግል ፍሬ ነው።

ከለውጦቹ ሁሉ የዘገየው የጋብቻው ነበር። ፊልሙ በወጣበት በ1967 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በነጭና በጥቁር መካከል ጋብቻን የሚከለክሉ ሕጎችን ሲሽር፣ ሕጎቹ በ16 ክፍለ ግዛቶች ጸንተው ነበር። የሚሲሲፒ ሕገ መንግሥት ክልከላውን ከጽሑፉ የሰረዘው ደግሞ በ1987፣ ድራማው መታየት ከመጀመሩ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ነው። በድራማው ውስጥ ነጩ የፖሊስ አዛዥ ጊለስፒ ጥቁሯን የከተማ ምክር ቤት አባል ሃሪየት ዲሎንግን ያገባው በ1994 ነው። አብሮ መሥራቱ፣ አብሮ መምረጡ፣ አብሮ መሳፈሩ ሁሉ ቀደመ፤ አብሮ ማዕድ መቅረቡና አብሮ ጎጆ መውጣቱ ግን ከኋላ ቀረ።

የአምባሰል ሰው የቀለም ንቀትን ከመጽሐፍ አልተማረውም። በ1881 ዓ.ም. በውጫሌ የተፈረመው ውል 17ኛው አንቀጽ በኢጣልያንኛው ቅጂ ኢትዮጵያን በሞግዚትነት ሊያስገባ የሞከረ ነበር፤ መልሱም በ1888 ዓ.ም. በዓድዋ ተሰጠ። ፋሺስቱ ዳግመኛ መጥቶ አገሪቱን በያዘ ጊዜም፣ እ.ኤ.አ. በ1937 ባወጣው ሕግ ከአገሬው ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት የኖረን ኢጣሊያዊ እስከ 5 ዓመት በሚደርስ እስራት ይቀጣ ነበር። ወራሪው ያረሰንን መሬት፣ የሠራንለትን መንገድ ሊወስድ ፈለገ፤ ቤተሰብነታችንን ግን ወንጀል አደረገው።

እንግዲህ ይህን ሁሉ የምናውቅ እኛ በገበያ ቀን ወደ ራሳችን እንመልከት። ገበሬው ማረሻና ማጭድ ከቀጥቃጩ ይገዛል። እመቤቲቱ ምጣዷን፣ ጀበናዋንና እንስራዋን ከሸክላ ሠሪዋ ትሸምታለች። ጠፍሩ ከቆዳ ፋቂው ይመጣል። ማረሻው ጓዳ ይገባል፤ ቀጥቃጩ ግን ከደጅ ይመለሳል። በጀበናዋ ቡና ይፈላል፤ ጀበናዋን የሠራችው እጅ ግን ከስኒው እንድትርቅ ትደረጋለች። ሕፃን ሲታመም ደግሞ ሰበቡ ይታወቃል ይባላል፤ «ቡዳ በላው» ተብሎ ጣት ወደዚያች ጎጆ ይቀሰራል። በዚህ ከንቱ እምነት የሚጎዳው የተጠረጠረው ሰው ብቻ አይደለም። ወደ ጤና ጣቢያ መወሰድ የሚገባው ሕፃን በጭስና በመድኃኒት አዋቂ ደጃፍ ሲንከራተት ነፍሱ ልታልፍ ትችላለች።

የዚህ ንቀት ምንጭ በሰማይ የሚፈለግ አይደለም፤ በምድር፣ ያውም በመሬቱ ላይ ነው። በርስት ሥርዓት መሬት በዘር ቆጠራ ይወረስ ነበር። ከባለ ርስቱ የዘር ሐረግ ውጭ የሆነው ባለ እጅ መሬት ስለሌለው ኑሮው በመዶሻው፣ በወናፉና በጭቃው ላይ ተንጠለጠለ። መሬት የሌለው ሰው ክብር አጣ፤ ክብር ያጣ ሰው ደግሞ በዋጋ ሊከራከር አልቻለም። ስለዚህ ስድቡ የስንፍና ጨዋታ አልነበረም፤ ሥራውን በርካሽ የማግኛ ዘዴም ነበር። ሚሲሲፒ ውስጥ ጥጡ በርካሽ እንዲለቀም ለቃሚው መናቅ ነበረበት፤ እኛም ዘንድ ብረቱ በርካሽ እንዲቀጠቀጥ ቀጥቃጩ ቡዳ መባል ነበረበት።

«የእኛው የዘር ጉዳይ አይደለም፤ ቀለማችን አንድ ነው» የሚል ተከራካሪ ይነሣ ይሆናል። ታዲያ ልጁን ለቀጥቃጩ ልጅ አልድርም የሚል አባት ምክንያቱን ሲጠየቅ ምን ይላል? «አጥንቱ» ይላል፤ «ዘሩ» ይላል። በባርነት የኖሩ ሰዎች የልጅ ልጆችም በዚሁ ሚዛን ይመዘናሉ። ቀለም ባይለይም አስተሳሰቡ ያው ነው፤ ሰውን ከሥራው ፈንታ በትውልዱ መስፈር።

ቋንቋችን ራሱ ያጋልጠናል። በ13ኛው ምዕተ ዓመት በአባ ኢየሱስ ሞአ የገነነው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በብራና መጻሕፍቱ የታወቀ ነው። ብራና የሚሆነው ተወጥሮ የተፋቀ ቆዳ ነው። ለመጽሐፍ የሚፍቀው ይከበራል፤ ለጠፍር የሚፍቀው ይናቃል። ቆዳው ያው ቆዳ ነው፤ እጁም ያው የሰው እጅ ነው።

ወሎ በዚህ ረገድ ከሌላው ይልቅ ሊጠየቅ የሚገባው የሚያኮራ ባህል ስላለው ነው። በዚህ አገር እስላሙና ክርስቲያኑ በሠርግና በኀዘን አይለያዩም፤ ሃይማኖት ሳያግዳቸው የተጋቡና የተዛመዱ ቤተሰቦች ብዙ ናቸው። መስጊድና ቤተ ክርስቲያን ያልለየውን ሕዝብ መዶሻና ወናፍ ሊለየው ይገባልን?

ሕጉ ከልማዱ ቀድሞ ሄዷል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጆችን በሥራቸው መስደብን በአዋጅ ከለከሉ። የባሪያ ሥርዓት በ1934 ዓ.ም. አዋጅ ተሻረ። የ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ መሬትን በገዛ ጉልበቱ ለሚያርስ ሁሉ ክፍት ሲያደርግ የንቀቱን ዋና ሥር ቆረጠ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም ወንድና ሴት ያለ ዘር ልዩነት የመጋባት መብት እንዳላቸው ደነገገ። ሥሩ ተቆርጦም ቅጠሉ የሚያቆጠቁጠው ልማድ በየጓዳው ውኃ ስለሚያጠጣው ነው። ሚሲሲፒ የሞተ ሕጓን ለ20 ዓመት በመጽሐፏ አቆይታለች፤ እኛ ደግሞ ያልተጻፈውን በአፋችን እያደስን እናቆየዋለን።

ያልተጻፈ ሕግ በአዋጅ ብቻ አይሻርም፤ የሚሻረው በነዋሪው ተግባር ነው። የሠፈር ማኅበርና እድር ይህን ለማድረግ ከማንም የተሻለ ሥፍራ አላቸው። ባለ እጁ በእድሩ ከመዋጮ ከፋይነት አልፎ ዳኛና ገንዘብ ያዥ ሆኖ ይመረጥ። በሠርግ ድንኳን መቀመጫው ከጥግ አይሁን። «ቡዳ» የሚለው ክስ በተሰማ ጊዜ ማኅበርተኛው ዝም ብሎ አይለፈው፤ ሕፃኑን ወደ ጤና ጣቢያ ያድርስ፤ ተናጋሪውንም ይገሥጽ። የድራማ ደራሲዎቻችንም የሩቁን ስፓርታ ከመቅዳት ይልቅ፣ በሐይቅ ዳር ሸክላዋን የምትተኩሰውን ሴትና ልጇን ሊያገባ የፈለገውን የገበሬ ልጅ ታሪክ ይጻፉልን።

ስለ ቨርጂል ቲብስ የተቆጣ ተመልካች ቁጣው እውነተኛ መሆኑን የሚያሳይበት ቦታ ሩቅ አይደለም። ልጁ መጥታ «የቀጥቃጩን ልጅ ወድጃለሁ» ባለችው ቀን የሚሰጣት መልስ ያሳየዋል።