ተማሪዎች በርካሽ ምግብ ክብደታቸውን ስለሚቀንሱበት መንገድ

በቀድሞ ጊዜ በአገራችን ወዳጅ ወዳጁን በመንገድ ሲያገኘው «ወፈር ብለሃል፤ አምሮብሃል» ብሎ ማመስገን የተለመደ ነበር። «ከስተሃል» መባል ግን ሕመምን ወይም ችግርን የሚያመለክት ቃል ስለ ሆነ የሰሚውን ልብ ያሳስብ ነበር። ዛሬ በከተማ ወጣቶች ዘንድ ነገሩ ተገላብጧል። በዚህም የተነሣ ብዙ ተማሪዎች ለመክሳት ሲሉ ቁርሳቸውን ይተዋሉ፤ ምሳቸውን የሚጨምሩበትም አይታጡም። በረፋዱ ክፍለ ጊዜ ዐይኑ የሚፈዝና ሲጠየቅ የሚደናገር ተማሪ ሁልጊዜ ሰነፍ አይደለም፤ ባዶ ሆዱን የመጣ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በዚህ ወር ጽሑፋችን፣ ክብደቱን ለመቀነስ የሚፈልግ ተማሪ ኪሱ የሚችለውን ምን እየበላ ጤናውን ሳይጎዳ አሳቡን ሊፈጽም እንደሚችል ለመምህራንና ለወላጆች ለመግለጽ እንወዳለን።

ከሁሉ አስቀድሞ መጠየቅ የሚገባው፣ መክሳቱ በእውነት ያስፈልጋልን? የሚለው ነው። ይህን ለማወቅ ክብደት በኪሎ ግራም ይመዘናል፤ ቁመት በሜትር ይለካል፤ ከዚያም ክብደቱ ቁመቱ በራሱ ተባዝቶ ለሚገኘው ቁጥር ይካፈላል። ለምሳሌ ያህል ቁመቷ 1.60 ሜትር፣ ክብደቷ 54 ኪሎ የሆነች ወጣት ብትኖር፣ 1.60 በ1.60 ሲባዛ 2.56 ይሆናል፤ 54 ለ2.56 ሲካፈልም 21 ያህል ይመጣል። ለአካለ መጠን ለደረሰ ሰው ከ18.5 እስከ 25 ያለው ቁጥር ደኅና ስለ ሆነ፣ ይህች ወጣት መስተዋቱ ምንም ቢላት ልትከሳ አይገባትም። በዚያው ቁመት 72 ኪሎ የምትመዝነው ግን ቁጥሯ 28 ስለሚደርስ፣ ጥቂት ኪሎ ብትቀንስ ለልቧም ለደም ግፊቷም ይበጃታል። ዕድሜያቸው ከ19 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ገና በማደግ ላይ ስለሆኑ በዚህ ብቻ አይለኩም። ለነርሱ በጤና ጣቢያ የሚገኝ የዕድሜ ሠንጠረዥ አለ፤ ያለ ባለሙያ ምክርም ከምግባቸው መቀነስ አይገባም።

ሰውነት ከምግብ የሚያገኘው ኀይል በካሎሪ ይለካል። ከሚያወጣው የሚያስገባው የበለጠ እንደ ሆነ ትርፉ ስብ ሆኖ ይከማቻል። አንድ ግራም ስኳር 4 ካሎሪ ሲሰጥ አንድ ግራም ዘይት 9 ይሰጣል፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ብቻውን 120 ካሎሪ ያህል አለበት። ብዙ ሰው «ሽሮ ያወፍራል፤ እንጀራ ያወፍራል» ሲል እንሰማለን። እኛ ግን ክሱ በሐሰት የቀረበ ይመስለናል፤ ጥፋተኛው ብዙውን ጊዜ በወጡ ላይ የሚንሳፈፈው ዘይት ነውና። ሽንኩርቱን በጥቂት ውኃ አብስሎ ዘይቱን በማንኪያ እየለኩ ቢጨምሩበት ወጡ ጣዕሙን አያጣም። የዘይት ዋጋ ቀላል ስላልሆነም ወገብንና ኪስን በአንድነት የሚጠቅም ቍጠባ ነው።

ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚሄድ ልጅ እናቱ በሶና ቆሎ ቋጥራ ትሰድደዋለች። ይህ ስንቅ የሚናቅ አይደለም። በሶ ከተቆላ ገብስ የሚዘጋጅ ስለ ሆነ፣ የገብስ አሰር በሆድ ውስጥ ውኃ ይዞ ስለሚቆይ ረኀብን ያዘገያል፤ ምድጃም አይፈልግም። በውኃ ተበጥብጦ ጨው ጣል ተደርጎበት የተጠጣ በሶ የተሟላ የቁርስ መጀመሪያ ነው፤ ስኳር በማንኪያ እየተጨለፈ ከተጨመረበት ግን ዐላማው ይጠፋል። ስለ ቆሎ ደግሞ አንድ ነገር ማስታወስ ያስፈልጋል። ቆሎ ደረቅ በመሆኑ በትንሹ እፍኝ ብዙ ኀይል ይገኝበታል፤ 100 ግራም የተቆላ ሽምብራ 370 ካሎሪ ያህል ሲሰጥ፣ የተቀቀለው ውኃ ስለሚጠጣ 100 ግራሙ ከ160 ብዙም አይበልጥም። እንግዲህ በእኩል ክብደት ሲበላ ንፍሮ የሚያስገባው ኀይል ከቆሎው ግማሽ ያነሰ ነው። በየመንገዱ ዳር የሚሸጥ የባቄላ፣ የሽምብራ ወይም የስንዴ ንፍሮ ለመክሳት ለሚፈልግ ተማሪ ከሁሉ የተሻለ መክሰስ ነው ብንል አላጋነንም። ለውዝ ጥሩ ምግብ ቢሆንም 100 ግራሙ 570 ካሎሪ ያህል ስለ ሆነ፣ እያጠኑ ሳያስቡት ከሚጨርሱት ነገር ውስጥ ባይገባ ይሻላል።

ሽሮ፣ ክክና ባቄላ ሥጋ ለማይገዛ ሰው ሰውነት ገንቢ ምግቦች ናቸው፤ ክብደት በሚቀነስበት ጊዜ ጡንቻ እንዳይጎዳም ያስፈልጋሉ። ነገር ግን ሽሮ ሲገዛ ከምን እንደ ተፈጨ መጠየቅ ይገባል። ጓያ ለብዙ ወራት ዋና ምግብ ሆኖ ሲበላ እግርን ሽባ ያደርጋል፤ ይህም በችግር ዘመን በደምቢያና በፎገራ የታየ ነው። እንቁላልም ቢገኝ፣ አንዱ 75 ካሎሪ ያህል ብቻ ይዞ 6 ግራም ገንቢ ነገር ስለሚሰጥ፣ ተቀቅሎ ሲበላ ከዋጋው በላይ ይጠቅማል።

ጎመን፣ ቆስጣ፣ ጥቅል ጎመን፣ ካሮትና ዱባ ሆድን ይሞላሉ እንጂ አያወፍሩም። በየቀኑ ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ መብላት እንደሚገባ የዓለም ጤና ድርጅት ይመክራል። ይህ መሥሪያ ቤት ስለ ንጽሕና የሚናገር እንደ መሆኑ አንድ ነገር ሳንጠቅስ ማለፍ አንችልም። በአዲስ አበባ በወንዞች ዳር ከሚበቅለው አትክልት ብዙው በቆሸሸ ውኃ የሚጠጣ ስለ ሆነ፣ ጎመኑ ቅጠል በቅጠል በንጹሕ ውኃ ታጥቦ በሚገባ ይብሰል። ጥሬ ሰላጣ ንጽሕናው ካልታወቀ ምግብ ቤት አለመብላት ይሻላል፤ የአንጀት ተስቦ ያከሳል፤ ነገር ግን ማንም የሚመኘው ዐይነት መክሳት አይደለም።

እንጀራን ጨርሶ መተው አያስፈልግም። ጤፍ ከደቃቅነቱ የተነሣ ገለባው ሳይለይ ከነሙሉ አካሉ ስለሚፈጭ ከነጭ ዳቦና ከፓስታ የበለጠ አሰር አለው። ችግሩ ከልኩ ላይ ነው። ከጓደኞች ጋር በአንድ ትሪ ሲበላ ማን ምን ያህል እንደ በላ አይታወቅም፤ ጉርሻውም ይጨመርበታል። የጓደኛን ጉርሻ እምቢ ማለት እንደማይቀል እናውቃለን፤ ቢሆንም የራስን እንጀራ አስቀድሞ ለይቶ በፊት ለፊት ማስቀመጥና ከወጡ አትክልቱን ማብዛት ይቻላል።

ብዙ ተማሪ ሳያውቀው የሚወፍረው ከሚጠጣው ነው። በቀን ሦስት ብርጭቆ ሻይ፣ በእያንዳንዱም ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር ቢጠጣ፣ አንዱ ማንኪያ 4 ግራም ያህል ስለሚይዝ 36 ግራም ይሆናል። በዚህ ላይ 30 ግራም ያህል ስኳር ያለበት አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ቢጨመር 66 ይደርሳል። በቀን 2000 ካሎሪ ለሚመገብ ሰው የተወሰነው ከ50 ግራም በታች ነው። ሻዩን ማንኪያ በማንኪያ እየቀነሱ ምላስን ማልመድ፣ ለስላሳውን በውኃ መተካት ገንዘብንም ይተርፋል። ደግሞም ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጣ በምስርና በጎመን ያለው ብረት ወደ ደም እንዳይገባ ስለሚያግድ፣ በተለይ ልጃገረዶች ደም እንዳያንሳቸው ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ቢያቆዩት መልካም ነው። በምትኩ ቃሪያ፣ ቲማቲም ወይም ሎሚ ከምግቡ ጋር ቢገኝ ብረቱን ያስገባል።

በትምህርት ቤት በር የሚሸጠው እርጥብ ርካሽ መሆኑ አይካድም። የተቀቀለ ድንች 100 ግራሙ ከ90 ካሎሪ አይበልጥም፤ በዘይት ሲጠበስ ግን ወደ 300 ይደርሳል፤ ዳቦው ደግሞ ለብቻው አለ። ቦምቦሊኖና ሳምቡሳም ከዚሁ ወገን ናቸው።

ጾምን በተመለከተ፣ የጾም ምግብ ሁሉ ቀላል ነው ብሎ ማሰብ ትክክል አይደለም። እስከ ቀትር በኋላ ቆይቶ በዘይት የራሰ ፍርፍር የሚበላ ሰው በሁዳዴ 55 ቀን ውስጥ ኪሎ ሊጨምር ይችላል። በረመዳን ማምሻም ሳምቡሳው ሲበዛ እንዲሁ ነው።

በየሱቁ ስለሚሸጠው የማቅጠኛ ሻይ ሐሳባችንን ሳንሸሽግ እንናገራለን፤ አይገዛ። ከነዚህ ብዙዎቹ ሆድ የሚያስቀምጥ ቅጠል ስላለባቸው የሚያወጡት ውኃንና ጨውን እንጂ ስብን አይደለም። አባቶቻችን ኮሶ ይጠጡ የነበረው ለትል እንጂ ለመክሳት አልነበረም። ጫትም የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል፤ ይሁን እንጂ እንቅልፍን ነሥቶ፣ ከጎኑ በሚጠጣው ለስላሳ የታጣውን ይመልሳል። በሳምንት ከግማሽ ኪሎ እስከ አንድ ኪሎ መቀነስ ይበቃል። ታክሲ ትቶ ሁለት ፌርማታ በእግር መሄድም ያለ ገንዘብ የሚገኝ እርዳታ ነው።

በመጨረሻም መምህራን አንድ ነገር ለይተው እንዲመለከቱልን እንለምናለን። ሳይፈልግ የሚከሳ ተማሪ ሌላ ነው። ከሁለት ሳምንት በላይ የሚያስልና ሌሊት የሚያልበው የሳንባ ነቀርሳ ሊኖርበት ይችላል፤ ውኃ እየጠማው ሽንት የሚያመላልሰው የስኳር በሽታ ሊሆን ይችላል፤ ከበላች በኋላ ተደብቃ የምታስመልስ ወይም አጥንቷ እየታየ «ወፍሬአለሁ» የምትል ልጃገረድም በሽተኛ ናት እንጂ ጥጋበኛ አይደለችም። እንዲህ ያሉትን በክፍል ፊት ሳይጠቅሱ ለብቻቸው አነጋግሮ፣ ከወላጃቸው ጋር ሆኖ በአቅራቢያ ወዳለው ጤና ጣቢያ በዚያው ሳምንት መላክ ያስፈልጋል።