በክረምት መውጫ ስለሚያብቡና ብዙ ጥበቃ ስለማያሻቸው ቍጥቋጦዎች

ለክቡራን የአገር አስተዳዳሪዎች፥ ለወረዳ ሹማምንትና ለባለይዞታዎች የቀረበ መግለጫ።

ከተማን በአበባ ማስጌጥ ለዐይን ደስታ ብቻ የሚደረግ ትርፍ ሥራ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። በመንገድ ዳር የሚተከል ቍጥቋጦ አፈሩን ይይዛል፥ አቧራውን ያግዳል፥ ንብን ይመግባል። ምርጫው የተሳሳተ እንደ ሆነ ደግሞ ከብት ያሳምማል፥ ግጦሽ ያጠፋል፥ የሐይቅን ውሃ ለጉዳት ይዳርጋል። ስለዚህ ሹም የሆነ ሰው የሚተከለውን ነገር ስሙንና ጠባዩን አስቀድሞ ማወቅ ይገባዋል። ለዚህ ትምህርት ምሳሌ ይሆን ዘንድ በሐዋሳ ከተማ ፒያሳ የሚባለውን ሰፈር መርጠናል።

ሐዋሳ በ1952 ዓ.ም. ገደማ የተቈረቈረች፥ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 275 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቅ፥ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። ፒያሳ የሚለው ስም ከጣሊያንኛ የመጣ ሲሆን፥ ትርጓሜው አደባባይ ነው። አደባባይ ደግሞ የሰው ሁሉ ዐይን የሚያርፍበት ስፍራ ስለ ሆነ፥ በዚያ የተተከለውን ባለ ግቢው ሁሉ ይቀዳዋል፤ ከከተማውም ወደ ገጠር ይወርዳል። እንግዲህ በአደባባይ የተተከለ አንድ ችግኝ ለአገር ሁሉ እንደ ተሰጠ ትእዛዝ ይቈጠራል።

ሁለተኛም ነገር አለ። የሐዋሳ ሐይቅ ጥቁር ውሃ የሚባለውን ወንዝ ይቀበላል እንጂ፥ ከሐይቁ ወጥቶ በምድር ላይ የሚፈስስ ወንዝ የለም። ስለዚህ ዝናቡ ከጎዳናና ከአትክልት ቦታ አጥቦ የሚያወርደው አፈር፥ ማዳበሪያና የተባይ መድኃኒት ወደ ሐይቁ ከገባ በኋላ የሚወጣበት መንገድ የለውም። ቆሮሶና አምባዛ የሚያሠግሩ ሰዎች እንጀራ በዚህ ውሃ ላይ የተመሠረተ ነው። ብዙ ማዳበሪያና መድኃኒት የማይጠይቅ አበባ መምረጥ እንግዲህ ወጪን መቀነስ ብቻ ሳይሆን ሐይቁንም መጠበቅ ነው።

የፈረንጆች የአትክልት መጻሕፍት የበጋ መጨረሻ የሚሉት ወራት በእኛ አገር ነሐሴ፥ ጳጉሜንና መስከረም ናቸው፤ ይኸውም የክረምታችን መውጫ ነው። በዚህ ጊዜ አደይ አበባ ሜዳውን ያለብሰዋል፤ ነገር ግን ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ይረግፋል። ቍጥቋጦ ግን ግንዱ ስለሚቀር፥ ከዓመት ወደ ዓመት እንደገና መዝራት ሳያስፈልግ አበባውን ይሰጣል።

ከአገራችን ተክሎች ውስጥ የሚከተሉት ይመረጣሉ። መጀመሪያው ራስ ክምር፥ በሌላ ስሙ የፈረስ ዘንግ የሚባለው ነው። ብርቱካን የመሰለው አበባው በግንዱ ዙሪያ ደረጃ በደረጃ ተከምሮ ይታያል፤ የአበባ ማር የሚቀስሙ ወፎችም ያዘወትሩታል። ሁለተኛው ዲግጣ ነው፤ ቢጫ አበባው እንደ ዘለላ ተንጠልጥሎ ይወርዳል፥ ንብም ይወድደዋል። ነገር ግን ቅጠሉ ዓሣ የሚያደነዝዝ መርዝ ስላለው፥ የተገረዘው ቅርንጫፍ ከቶ ወደ ሐይቅ ወይም ወደ ወንዝ አይጣል። ከሐዋሳ ከፍ ብለው ባሉ ደጋ ወረዳዎች ደግሞ ነጭ አበባ ያለው ቀጋና ቢጫ አበባ ያለው አምጃ ይስማማሉ። ቀጋ እሾሃም ስለ ሆነ ለአጥርም ይጠቅማል።

ከውጭ አገር ከመጡት ውስጥ ቦጋንቪላ የታወቀ ነው። ይህ ተክል ከደቡብ አሜሪካ የመጣ ሲሆን፥ ስሙን ያገኘው ከፈረንሳዊው መርከበኛ ከቡጋንቪል ነው። ቀይና ሐምራዊ ሆኖ የሚታየው አበባው ራሱ ሳይሆን አበባውን የከበበው ቅጠል ነው። ውሃና ማዳበሪያ ሲበዛለት ቅጠል ብቻ ያበዛል፤ ጥቂት ሲጠማ ግን አብልጦ ያብባል። እንግዲህ ገንዘብ ለሌለው ማዘጋጃ ቤት የሚስማማ ነው።

አሁን መተከል ስለማይገባቸው እንናገራለን። የወፍ ቆሎ በአበባው ውበት የተነሣ ከአሜሪካ ወደ ብዙ አገሮች የተወሰደ ነው። ፍሬውን ወፎች በልተው ዘሩን በየስፍራው ስለሚጥሉ፥ በምሥራቅ ኢትዮጵያ ሰፊ የግጦሽ መሬት ወርሷል፤ ቅጠሉን የበላ ከብትም ጉበቱ ይታመማል፥ ቆዳውም በፀሐይ ይቃጠላል። ኦሊያንደር የሚባለውም አበባው ያማረ ቢሆን፥ ከሥሩ እስከ ቅጠሉ ለሰውም ለእንስሳም መርዝ ስለ ሆነ፥ በትምህርት ቤትና ከብት በሚያልፍበት መንገድ አይተከል። የእንቦጭ ነገር ማስጠንቀቂያ ይሁነን፤ ሰዎች አበባውን ወድደው ከአገር ወደ አገር ያዘዋወሩት ይህ አረም በ2004 ዓ.ም. በጣና ሐይቅ ላይ ታይቶ፥ ከዚያ ወዲህ ገበሬውንና ዓሣ አሥጋሪውን አስጨንቋል።

የተከላው ሥርዓት እንዲህ ነው። ዝናቡ ከመጀመሩ አንድ ወር ቀደም ብሎ ወርዱም ጥልቀቱም ግማሽ ሜትር የሆነ ጕድጓድ ይቈፈር፤ የላይኛው አፈር ከደረቀና ከበሰበሰ የከብት ፍግ ጋር ይቀላቀል። ምድሩ በደንብ ሲርስ ችግኙ ይተከል፤ በመካከላቸውም አንድ ሜትር ተኩል ያህል ይተው። ራስ ክምርና ዲግጣ በዘር ይራባሉ፤ የዲግጣ ዘር ጠንካራ ስለ ሆነ ሌሊቱን በውሃ ተነክሮ ይደር። ቦጋንቪላ ከበሰለ ግንድ ተቈርጦ ይተከላል። በመጀመሪያው በጋ በሳምንት ሁለት ጊዜ ውሃ ይጠጣ፥ ሥሩም በደረቅ ሣር ይሸፈን፤ ከዚያ በኋላ ብዙ አይጠይቅም። ራስ ክምርና ቦጋንቪላ በአዲስ ቀንበጥ ላይ ስለሚያብቡ ከዝናብ በፊት ይገረዙ፤ ቀጋ ግን በቈየው ቅርንጫፍ ላይ ስለሚያብብ አበባው ካለፈ በኋላ ይገረዝ። ይህን ያላወቀ አትክልተኛ የዓመቱን አበባ በመቀስ ቈርጦ ይጥላል።

በመጨረሻም ክቡራን ሹማምንት ይህን ያስቡ። በተከላ ቀን የተተከለውን መቍጠር ቀላል ነው፤ እውነተኛው ቍጥር ግን አንድ በጋ ካለፈ በኋላ በሕይወት የተገኘው ነው። ስለዚህ ለየመንገዱ ኀላፊ ይሾም፤ ስሙ ያልታወቀ ችግኝ አይገዛ፤ በግንቦት የተገረዘውና በመስከረም ያበበው በመዝገብ ይጻፍ። እንዲህ የተደረገ እንደ ሆነ፥ የአደባባዩ ውበት ለሐይቁም ለከብቱም ሳይከፋ ከዓመት ዓመት ይጸናል።