ትግልና በራስ መተማመን፦ ስለ ጁጂትሱ ጥቂት ማብራሪያ



«ትግል» የሚለው ቃል በተማሪ መጽሔት ላይ ሲወጣ አንባቢው ቶሎ የሚያስበው የፖለቲካውን ትግል ነው። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም፤ በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ መጀመሪያ በአዲስ አበባ የነበረው የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ማኅበር የልሳኑን ስም «ስትራግል» ብሎት ነበርና። እኔ ግን ዛሬ የምጽፈው ስለ ቃሉ የመጀመሪያ ትርጉም ነው፤ ይኸውም ሁለት ሰዎች ክንድ ለክንድ ተያይዘው አንዱ ሌላውን ለመጣል ስለሚያደርጉት ግጥሚያ ነው። ከእኛ መካከል በገጠር ያደገ ሁሉ ከብት ሲጠብቅ፥ በገና ወይም በጥምቀት ሜዳ፥ ትግል ገጥሞ ጥሏል፤ ወድቋልም። አንድ ጊዜ በጠለፋ ጀርባው መሬት የነካ ልጅ ያንን ጠለፋ ዕድሜ ልኩን አይረሳውም።

ጥያቄው እንግዲህ ይህ ነው፦ ትግል በሥርዓትና በመምህር ሲሠለጥኑበት፥ ለአካለ መጠን የደረሰ ሰው ለዕለት ኑሮው የሚሆን በራስ መተማመንና ጤንነት ይሰጠዋልን? ይሰጠዋልስ ከተባለ በምን መንገድ? ለምሳሌነት የምወስደው ጃፓኖች ጁጂትሱ የሚሉትን ጥበብ ነው።

በመጀመሪያ በራስ መተማመን ስንል ምን ማለታችን እንደ ሆነ እንለይ። ብዙ ጊዜ ከፉከራ ጋር ይቀላቀላል። ደረቱን ነፍቶ የሚሄድ፥ ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚከራከር፥ ትከሻው ሲነካ ዞሮ ቡጢ የሚጨብጥ ሰው በራሱ የሚተማመን ይመስለናል። ነገር ግን ቀረብ ብለን ብናየው ይህ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚፈራ ሰው ነው፤ እንዳይዋረድ ስለሚፈራ አስቀድሞ ይመታል። በራሱ የሚተማመን ሰው ግን ችግር ሲገጥመው «ይህን እችለዋለሁ፤ ባልችለውም አልጠፋም» ብሎ ረጋ ይላል።

አልበርት ባንዱራ የተባሉ የሥነ ልቦና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1977 ባሳተሙት ጽሑፍ፥ ሰው «እችላለሁ» የሚለው እምነት ከአራት ምንጮች እንደሚመጣ አስረድተዋል። እነዚህም ራሱ ሠርቶ መሳካቱ፥ እንደ እርሱ ያለ ሰው ሲሳካለት ማየቱ፥ የሌሎች ማበረታቻ ቃል፥ እንዲሁም ልቡ ሲመታና ላብ ሲያጠምቀው ያንን የሰውነቱን ስሜት የሚተረጉምበት መንገድ ናቸው። ከአራቱ ጠንካራው የመጀመሪያው ነው፤ ማለትም ራሱ ሠርቶ ያየው ነገር። «አይዞህ» የሚል ቃል ብቻውን ብዙ አያራምድም። ይህን በልቡናችን ይዘን ወደ ጁጂትሱ እንለፍ።

ጁጂትሱ ማለት በጃፓንኛ «የልስላሴ ጥበብ» ወይም «እሺ የማለት ጥበብ» እንደ ማለት ነው። መሠረቱ የጥንት ወታደሮች ያለ መሣሪያ የሚታገሉበት ዘዴ ሲሆን፥ ለዛሬው ዘመን እንዲስማማ ያደረጉት ሰው የእኛው ብጤ ተማሪ ነበሩ። ጂጎሮ ካኖ እ.ኤ.አ. በ1860 ተወለዱ፤ ሰውነታቸው ትንሽ ስለ ነበረ በትምህርት ቤት ጉልበተኞች ያስቸግሯቸው ነበር። ስለዚህ ሁለት ዓይነት የጁጂትሱ ትምህርት ተከታትለው፥ ከቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ በወጡ በዓመቱ በ1882 በአንድ ቤተ መቅደስ ውስጥ 12 ምንጣፍ በምታህል ክፍል ጥቂት ተማሪዎችን ይዘው የራሳቸውን ትምህርት ቤት ከፈቱ፤ ትምህርቱንም ጁዶ አሉት። ካኖ አጥንት የሚሰብሩትን አደገኛ ስልቶች ከልምምዱ አወጡ፤ ይህን በማድረጋቸው ተማሪዎቹ ሳይጎዳዱ በሙሉ ኃይላቸው መለማመድ ቻሉ። ሁለት መመሪያዎችንም አስተማሩ፦ ኃይልን በሚገባው ቦታ ብቻ ማዋል፥ እንዲሁም እኔም አንተም አብረን እንጠቀም የሚል።

ከካኖ ተማሪዎች አንዱ ሚትሱዮ ማኤዳ እ.ኤ.አ. በ1914 ወደ ብራዚል ተሻገሩ፤ በዚያም ካርሎስ ግሬሲ የተባለውን ወጣት አስተማሩ። ካርሎስና ታናሽ ወንድሙ ኤልዮ መሬት ላይ ተኝቶ መታገልን አብልጠው አዳበሩት፤ ዛሬ በዓለም ሁሉ የብራዚል ጁጂትሱ የሚባለውም ይህ ነው። ጁዶ ደግሞ በ1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ ገባ። አበበ ቢቂላ ማራቶንን ለሁለተኛ ጊዜ ባሸነፈበት በዚያው ኦሊምፒክ፥ በዚያው ሳምንት፥ አንቶን ሄሲንክ የተባለ ሆላንዳዊ ጃፓኖችን በገዛ አገራቸው በጁዶ አሸነፈ።

አሁን ወደ አሠራሩ እንግባ። በሚዛን ወይም በቴፒ የቡና መጋዘን በር ላይ ቆሞ ሸክም የሚያነሡ ሰዎችን የተመለከተ ሰው የጁጂትሱን ግማሽ ተምሯል። ለወጪ ንግድ የሚዘጋጅ የቡና ጆንያ 60 ኪሎ ይመዝናል። ልምድ የሌለው ሰው ክንዱን ዘርግቶ በወገቡ ሊያነሣው ይሞክራል፤ ወገቡን ይዞ ይቀራል። የለመደው ግን ጎንበስ ብሎ ከሸክሙ ሥር ይገባል፤ ወደ ሰውነቱ ያስጠጋዋል፤ ከዚያም በጭኑና በዳሌው ይነሣል። ጁጂትሱም እንዲሁ ነው። የተቃዋሚውን ሁለት ክንድ በሁለት ክንድ መግፋት የጉልበት ውድድር ነው፤ ከአንድ ክንዱ ሥር ገብቶ፥ በሁለት እግር፥ በዳሌና በሙሉ ጀርባ አንዱን ክርን ብቻ መያዝ ግን ብልሃት ነው። ሲገፋ መሳብ፥ ሲስብ መግፋት፥ ሚዛኑ በሳተበት በኩል መጣል ነው። ከጉልበት ብልሃት ይበልጣል የምንለው በዚህ ላይ ይታያል። ቀጭኑ ተማሪ ከእርሱ የሚከብደውን ሰው አንድ ጊዜ ሲገለብጥ፥ ባንዱራ ያሉት የመጀመሪያው ምንጭ ተከፈተለት ማለት ነው፤ ማንም ሳይነግረው ራሱ አይቶታልና።

ይሁን እንጂ ከማሸነፍ ይልቅ የሚያስተምረው መሸነፉ ነው። በጁጂትሱ የተያዘ ሰው ሕመሙ ከመምጣቱ በፊት የባልንጀራውን ሰውነት ወይም ምንጣፉን በእጁ መታ መታ ያደርጋል፤ «በቃኝ» ማለት ነው። ያኛውም በዚያው ቅጽበት መልቀቅ አለበት። ከዚያ ሁለቱም ተነሥተው እጅ ተነሣሥተው እንደገና ይጀምራሉ። ጀማሪ በአንድ ምሽት ዐሥር ጊዜ «በቃኝ» ሊል ይችላል። በመጀመሪያው ሳምንት ፊቱ ይቀላል፤ በሁለተኛው ወር ግን «እንዴት ያዝኸኝ? አሳየኝ» ብሎ ይጠይቃል። መሸነፍ ውርደት መሆኑ ቀርቶ ትምህርት ይሆናል። በፈተና ዝቅተኛ ነጥብ ያገኘ ተማሪ ወረቀቱን አጣጥፎ ከመደበቅ ይልቅ ወደ መምህሩ ሄዶ «የቱ ላይ ነው የተሳሳትሁት?» ቢል፥ ያው ልማድ ነው።

ሦስተኛው ትምህርት ትንፋሽ ነው። ከበድ ያለ ሰው ደረታችን ላይ ሲቀመጥ ልባችን ይመታል፤ ትንፋሻችን ይቆራረጣል፤ ጉልበታችንን ሁሉ በአንድ ደቂቃ እንጨርሳለን። መምህሩ የሚለው «ቀስ ብለህ ተንፍስ፤ መጀመሪያ ለአንገትህ ቦታ ፈልግ» ነው። ረዘም አድርጎ ወደ ውጭ መተንፈስ የልብን ምት ዝግ የሚያደርገውን ነርቭ ይቀሰቅሳል፤ ሲረጋጉም መውጫው ይታያል። በክፍል ፊት ቆሞ ጽሑፍ ሊያቀርብ የተጠራ ተማሪም የሚሰማው ያው የልብ ምት ነው። ልዩነቱ የተለማመደው ሰው ያንን ምት ስለሚያውቀው «ፈራሁ፤ አለቀልኝ» አይልም፤ «ሰውነቴ ተዘጋጀ» ይላል። ይህም ከአራቱ ምንጮች የመጨረሻው ነው።

ስለ ጤና ብዙ ማለት አያስፈልግም። የዓለም የጤና ድርጅት በ2020 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው መመሪያ፥ ለአካለ መጠን የደረሰ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፥ እንዲሁም በሳምንት ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ እንዲያደርግ ይመክራል። ይኸው መመሪያ እንቅስቃሴ ጭንቀትንና ድባቴን እንደሚቀንስ፥ እንቅልፍንም እንደሚያሻሽል ይገልጻል። የእኛ አገር ደግሞ ከኢትዮጵያ ዝናባም ስፍራዎች አንዱ ነው። ሜዳው ጭቃ ሲሆን ኳሱ ይቀራል፤ ተማሪውም አልጋው ላይ ይውላል። ትግል ግን ጣሪያና ወፍራም ምንጣፍ እንጂ ሜዳ አይፈልግም።

አንዳንዱ «ይህ የባዕድ ነገር ነው» ይል ይሆናል። አይደለም። ከሚዛን ወደ ደቡብ ምዕራብ ወርደን በኪቢሽ አካባቢ ያሉትን የሱሪ ወንድሞቻችንን ብንጠይቅ፥ የዶንጋ የዱላ ግጥሚያቸው ዳኛ ያለው፥ ተጋጣሚን መግደልም የተከለከለበት ሥርዓት ነው። ኃይል ያለ ሕግ ጥፋት መሆኑን ለማወቅ ቶኪዮ መሄድ አያሻም። ልዩነቱ ዱላ ቁስል ማትረፉ ነው፤ በምንጣፍ ላይ ያለው ትግል ግን ነገም ከዚያው ባልንጀራ ጋር ለመለማመድ ያስችላል።

ሌላም ምሳሌ አለ። «ሰምና ወርቅ»ን በ1965 (እ.ኤ.አ.) በእንግሊዝኛ ጽፈው ያሳተሙት የቺካጎ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ዶናልድ ሌቪን የአይኪዶ መምህርም ነበሩ። አይኪዶ ሞሪሄይ ኡዬሺባ ከአንድ የጁጂትሱ ዘር ያወጡት ጥበብ ሲሆን፥ አጥቂውን ሳይጎዱ ማብረድን ያስተምራል። ሌቪን ይህን ጥበብ ከልምምድ ክፍል አውጥቶ ለዕለት ኑሮና ለሰላም ለማዋል አይኪ ኤክስቴንሽንስ የተባለ ማኅበር መሠረቱ። በእርሳቸውና በማኅበሩ ድጋፍ በሐዋሳ ኢትዮጵያውያን ወጣቶች የአይኪዶ ማሠልጠኛ አቋቁመው ለሌሎች ወጣቶች አስተምረዋል። ሌቪን በ2015 (እ.ኤ.አ.) ዐረፉ፤ አሳቡ ግን ለእኛ የሚጠቅም ነው።

ለምን ይጠቅመናል? በ2011 እና በ2012 ዓ.ም. በልዩ ልዩ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪ በተማሪ ላይ ተነሥቶ ሕይወት እንደ ጠፋ ሁላችንም እናውቃለን። ከሩቅ አገር የመጣ አዲስ ተማሪ ቋንቋውን የሚናገሩትን ብቻ ፈልጎ ይጠጋል፤ ሌላውን ይፈራል፤ የሚፈሩ ሁለት ወገኖች በአንድ ግቢ ሲኖሩ ጥቂት ወሬ ይበቃል። አሁን ይህን አስቡት፦ የማላውቀው፥ ቋንቋው ከእኔ የተለየ ሰው ክርኔን ይዞታል፤ ሊሰብረው ይችላል፤ እኔ መታ ሳደርግ ይለቃል። ነገ ደግሞ እኔ እይዘዋለሁ፤ መታ ሲያደርግ እለቃለሁ። ይህን በሳምንት ሁለት ቀን የሚያደርጉ ሰዎች በምግብ አዳራሽ ሲገናኙ ሰላምታቸው ሌላ ነው። ምንጣፍ ብቻውን የአገርን ችግር ይፈታል አልልም፤ ግን የመተማመን ልምምድ የሚገኝበት ቦታ ጥቂት መሆኑን እናስተውል።

ለእኅቶቻችንም ጥቅሙ የተለየ ነው። ይህ ጥበብ ከታች ሆኖ ከበላይ ከተጫነ ከባድ ሰው ማምለጥን ያስተምራል፤ ያንን የለመደች ሴት አነጋገሯም አረማመዷም ይለወጣል። ይሁን እንጂ ተጠቂዋን «ለምን አልታገልሽም?» እንድንል ፈቃድ አይሰጠንም፤ ጥፋቱ ምንጊዜም የአጥቂው ነው።

ልከኛ ለመሆን ጉድለቱንም ልናገር። ጁጂትሱ ቢላዋና ጥይት አይመክትም፤ ከዚያ የሚሻለው ማምለጥ ነው። ከባድ ጭንቀት ወይም ተስፋ መቁረጥ የያዘው ሰው ሐኪም ወይም አማካሪ ያስፈልገዋል፤ ትግሉ ረዳት እንጂ ምትክ አይሆንም። ምንጣፍ ላይ ደፋር የሆነ ሁሉ በክፍል ውስጥ ደፋር አይሆንም፤ የተማረውን አስቦ ወደ ሌላው ኑሮው ካላሻገረው እዚያው ይቀራል። ክፉ መምህርም ጉልበተኛ ያፈራል።

ስለዚህ ልንጀምር ብንፈልግ ጥቂት ሕግ ይበቃናል። በሲሚንቶ ላይ መውደቅ አይፈቀድ። መምህሩ የተማረ ሰው ይሁን፤ አንገት ማነቅንና መገጣጠሚያ መቆለፍን ከሥዕል አይተን ለብቻችን አንሞክር። የመጀመሪያው ትምህርት እንዴት እንደሚወደቅ ይሁን። ጥፍር ይቆረጥ፤ ልብስ ከየልምምዱ በኋላ ይታጠብ፤ ጭርት ወይም ቁስል ያለበት እስኪድን ይረፍ። የልብ ወይም የአከርካሪ ሕመም ያለበት አስቀድሞ ሐኪም ይጠይቅ። መታ የተደረገለት ያልለቀቀ ሰው ከምንጣፉ ይውረድ፤ ይህ ሕግ ይቅርታ የለውም።

ማኅበራችን አንድ አዳራሽና በሳምንት ሁለት ምሽት ቢያስፈቅድ፥ ከመካከላችን ጁዶ፥ አይኪዶ ወይም የአገር ቤት ትግል የሚያውቁ ቢረዱን፥ መጀመር ይቻላል። ተማሪው ብቻ ሳይሆን መምህሩም፥ የቢሮ ሠራተኛውም፥ የጥበቃ አባላትም ይምጡ፤ ካኖ ያሉት የጋራ ጥቅም በዕድሜና በማዕረግ አይከፈልም። በአንድ ወር ውስጥ ጀግና አንሆንም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳልና፥ በመጀመሪያው ምሽት መውደቅን ብቻ ተምረን ብንመለስ ይበቃናል።