ፊልሙ ሲያንሾካሹክ

ጊዳ አያና ውስጥ ፊልም ከቤት ቤት የሚዞረው በአብዛኛው በፍላሽ ነው፤ ነቀምትም ቢሆን ብዙ አይለይም። ኢንተርኔቱ ብር ይበላል፣ አንዳንዴም ጭራሽ አይኖርም። በ2012 ዓ.ም. አጋማሽ እዚሁ በምዕራብ ኦሮሚያ ስልክና ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ፣ ኮምፒውተር ላለው ሰው የቀረለት ቀድሞ የተጫነው ብቻ ነበር። ከእጅ ወደ እጅ የዞረ ፋይል ታዲያ አንድ አመል አለው፦ ምስሉ ጥርት ይላል፣ ድምፁ ግን አይሰማም። ባለቤቱ ኮምፒውተሩን ይጠረጥራል፣ ጥገና ቤት ይወስደዋል፣ እዚያም ብዙ ጊዜ የሚታዘዝለት መድኃኒት «ፎርማት ይደረግ» ነው። እኔም ከፍዬ አስደርጌያለሁ። ፊልሙ ተመልሶ ያው ሹክሹክታ ሆነ።

ከመክፈል በፊት በዚያው ኮምፒውተር ሌላ ዘፈን መክፈት ይበቃ ነበር። ዘፈኑ ቤቱን ከሞላው ማሽኑ ነጻ ነው፤ ችግሩ ፋይሉ ወይም ማጫወቻው ላይ ነው። ሁሉም እኩል ካነሰ ደግሞ ወደ ዊንዶውስና ወደ ስፒከሩ ይኬዳል።

የውጭ ፊልም ሲሆን ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው የድምፁ አሠራር ነው። «አምስት ነጥብ አንድ» የሚባለው የሲኒማ ድምፅ ስድስት መስመር አለው፤ ሦስቱ ከፊት፣ ሁለቱ ከኋላ፣ አንዱ ለቤዝ። ተዋንያኑ የሚናገሩት በአመዛኙ በፊተኛው መሃል ነው። ላፕቶፕ ሁለት ስፒከር ብቻ ስላለው ማጫወቻው ስድስቱን ወደ ሁለት ያቀላቅላል፤ ድምሩ በዝቶ እንዳይሰነጠቅም ሁሉንም ዝቅ ሊያደርግ ይችላል። ዊንዶውስ ስድስት ስፒከር እንዳለው ሆኖ ከተስተካከለማ ይብሳል፦ ንግግሩ ወደሌለ ስፒከር ይሄድና ሙዚቃና ፍንዳታው ብቻ ይቀራል። መፍትሔው በዊንዶውስ የድምፅ ማስተካከያ ላይ የስፒከሩን ምርጫ ወደ ስቴሪዮ መመለስ ነው።

በዚያ ላይ ሲኒማ በሹክሹክታና በጥይት መካከል ሆን ብሎ ሰፊ ልዩነት ይተዋል። ጸጥ ባለ አዳራሽ ግሩም ነው። የክረምት ዝናብ ቆርቆሮውን በሚደበድብበት ሳሎን ግን ንግግሩን ለመስማት ቮሊየሙን ስትጨምር ተኩሱ ጎረቤት ይቀሰቅሳል። ስለዚህ ቮሊየሙን ከመጨመር ልዩነቱን ማጥበብ ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ1996 በፓሪስ ተማሪዎች እጅ የተጀመረው ቪኤልሲ የተባለ ማጫወቻ ለዚህ «ኮምፕሬሰር» የሚባል ማስተካከያ አለው፤ ብዙ የዊንዶውስ ኮምፒውተሮችም «ላውድነስ ኢኳላይዜሽን» የምትል ምርጫ አላቸው፣ ደካማውን ከፍ፣ ኃይለኛውን ዝቅ የምታደርግ። የቪኤልሲ ቮሊየም እስከ 125 በመቶ መሄዱን ብዙ ሰው ይወደዋል፤ ጮክ ብሎ የተቀዳውን ግን ይሰነጥቀዋል።

የሰርግ ቪዲዮ ሌላ ጉዳይ ነው። ሽማግሌው ሲመርቁ ካሜራው ዳስ ጫፍ ላይ ቆሞ በራሱ ትንሽ ማይክ ከቀዳቸው፣ ድምፁን ስታጎላ የማይኩ ሹሹታና የጄኔሬተሩ ጩኸት አብረው ይጎላሉ። ኦዳሲቲን በመሰለ ነጻ ፕሮግራም በመጠኑ ይጸዳል፤ ማይኩ ያልሰማውን ግን ማንም አይመልሰውም።

ዩቲዩብ ላይ የሚታየው ደግሞ የራሱ ሕግ አለው። የአውሮፓ ብሮድካስተሮች እ.ኤ.አ. በ2010 የስርጭት ድምፅ ሁሉ በአንድ መጠን እንዲለካ ተስማምተው ነበር። ዩቲዩብም የራሱን ልክ አበጅቶ ከልኩ በላይ የጮኸውን ዝቅ ያደርጋል፤ ያነሰውን ግን ባለበት መተው ልማዱ ሆኖ ቆይቷል። አንዱ ዘፈን ጮኾ ቀጣዩ የሚያንሾካሹከው አንዳንዴ በዚህ ነው።

ማሽኑ ራሱ ሲያስቸግር የመጀመሪያው ተጠርጣሪ የዊንዶውስ ቮሊየም ሚክሰር ነው፤ እያንዳንዱ ፕሮግራም የራሱ ቮሊየም ስላለው አንዱ ተቀንሶ ይረሳል። ሌላም አለ፤ ዊንዶውስ የጥሪ ምልክት ሲያይ የሌላውን ሁሉ ድምፅ በ80 በመቶ እንዲቀንስ ተደርጎ ነው የሚመጣው። መፍትሔው በድምፅ ማስተካከያው ላይ «ምንም አታድርግ» የሚለውን መምረጥ ነው።

ከሁሉ የሚያስገርመኝ የስፒከሩ ገመድ መሰኪያ፣ ጃኩ ነው። እስከ መጨረሻው ካልገባ የጋራው ሽቦ ሳይነካ ይቀርና ስፒከሮቹ በግራና በቀኝ መካከል ያለውን ልዩነት ብቻ ያሰማሉ። የዘፋኙ ድምፅ በሁለቱም በኩል እኩል ስለተቀዳ ይጠፋና ከሩቅ ጉድጓድ ውስጥ እንደመጣ ይሆናል፤ መሣሪያው ግን ይጫወታል። ጃኩን ቀጭ እስኪል ገፋ ሲያደርጉት ዘፋኙ ተመልሶ ሳሎኑ ውስጥ ይቆማል።