ቶሎ መድረስ፣ ረጋ ብሎ መቅደድ

ደብተርና እርሳስ ያዛችሁ? ዛሬ ሁለት ቃላት እንማራለን፤ «ደም ቅዳ» እና «ደም መልስ»። ደም ቅዳ ደምን ከልብ ያወጣል። ደም መልስ ደግሞ ወደ ልብ ይመልሳል።

ልብ ጡንቻ ነው። እሱም ራሱ ደም ይፈልጋል። ልብን የሚቀልቡት ደም ቅዳዎች ውስጣቸው በስብ ይጠባል። አንድ ቀን በጠበበው ቦታ ላይ ደም ይረጋና ይደፍነዋል። ያን ጊዜ ጡንቻው ውሃ እንዳጣ ማሳ መሞት ይጀምራል። ድንገተኛ የልብ ሕመም የሚባለው ይኸው ነው።

ደረት ተጨንቆ ሕመሙ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ ከሄደ፣ ላብም ካጠመቀ «እስኪ ይደር» አትበሉ! ወዲያው ሐኪም ቤት ድረሱ። ሐኪሞች በመድኃኒት ወይም በቀጭን ቱቦ መንገዱን ይከፍታሉ።

የተዘጋው ቦታ ብዙ ከሆነስ? ገበሬ ቦዩ በናዳ ቢደፈንበት በጎን ሌላ ቦይ ይቀድ የለም እንዴ? ሐኪሞችም ከእግር ደም መልስ ወይም ከደረት ደም ቅዳ ወስደው በጎን መንገድ ያወጣሉ። አርጀንቲናዊው ሐኪም ሬኔ ፋቫሎሮ በ1967 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ፣ በክሊቭላንድ ከተማ፣ በእግር ደም መልስ ይህን ሠርቶ ዘዴው እንዲስፋፋ አድርጓል።

እንግዲህ ቤተሰብ «ምነው ዛሬውኑ አይቀዱትም? ረሱት እንዴ?» ይላል። አልረሱትም። የተጎዳ ጡንቻ አዲስ እንደተመረገ ግድግዳ ነው። ጭቃው ሳይደርቅ ሚስማር ቢመቱበት ይፈርሳል። ደም እንዳይረጋ የተሰጠውም መድኃኒት ኃይሉ ካልበረደ በቀዶ ሕክምናው ጊዜ ብዙ ደም ይፈሳል። አንዳንዱ መድኃኒት 5 ቀን ያህል አስቀድሞ ይቋረጣል። የሚያቋርጠው ግን ሐኪሙ ነው እንጂ በሽተኛው አይደለም። ስለዚህ ሕመሙ ጋብ ካለ ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 7 ቀን ይጠብቃሉ። በሽተኛው እዚያው ተኝቶ ቀንና ሌሊት ይጠበቃል።

ሕመሙ አልቆም ካለ፣ የደም ግፊቱ ከወደቀ፣ ወይም የልብ ግድግዳ ከተቀደደ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ያኔ ቀን አይቆጠርም፤ አደጋው ቢበዛም በቶሎ ይቀዳሉ።

አሁን በደብተራችሁ ይህን ጻፉ፦ «ሐኪም ቤት ለመድረስ አልዘገይም። የቀዶ ሕክምናውን ቀን ከሐኪሙ ጋር እመክራለሁ።» የጻፋችሁትንም ማታ ለቤተሰባችሁ አንብቡላቸው። ደህና ሰንብቱ!