ቀይ የደም ሕዋስና የስኳር ጋሻው

ከወልቂጤ ወደ ጊቤ ሸለቆ ሲወረድ ወባ መኖሩ አያስደንቅም። ቡታጅራ ግን ከ2000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ብትገኝም ወባ ከአካባቢዋ አልራቀም። ከ2008 እስከ 2010 (እ.ኤ.አ.) በዙሪያዋ በተካሄደ ጥናት በብዛት የተገኘው ተሕዋስ ፕላስሞዲየም ቫይቫክስ ነበር። ይህ ተሕዋስ በጉበት ውስጥ አሸልቦ ይቆይና ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ በሽታውን ይቀሰቅሳል። ያሸለበውን ከሚያጠፉት ጥቂት መድኃኒቶች አንዱ ፕሪማኪን ነው። ይሁንና ይኸው ክኒን በአንዳንድ ሰዎች ላይ ቀይ የደም ሕዋሳትን ያፈርሳል። ምክንያቱን የምናገኘው በስኳር ሜታቦሊዝም ውስጥ ነው።

እንደሚታወቀው የበሰለ ቀይ የደም ሕዋስ ኒውክለስም ሆነ ማይቶኮንድሪያ የለውም። ኃይል የሚያገኘው ግሉኮስን ያለ ኦክስጂን በመሰባበር ነው፤ የተሸከመውን ኦክስጂን ራሱ አይጠቀምበትም። ከግሉኮሱ ጥቂቱን ግን በሌላ መንገድ ይልካል። በመንገዱ መግቢያ የሚሠራው ጂ6ፒዲ የተባለው ኢንዛይም ኤንኤዲፒኤች የተሰኘውን ኤሌክትሮን አቀባይ ያስገኛል፤ ይህም ግሉታታዮንን ያድሳል፤ ግሉታታዮን ደግሞ ጎጂውን ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ወደ ውኃ ለመለወጥ ያገለግላል። ሌሎች ሕዋሳት አቀባዩን የሚያገኙባቸው ተጨማሪ መንገዶች አሏቸው፤ ቀዩ ሕዋስ ግን የሚተማመነው በዚሁ ነው።

ፐርኦክሳይድን መርዝ ብቻ አድርጎ ማየት ግን ስሕተት ይመስለናል። በጥቂቱ ሲሆን መልእክተኛ ነው። ኢንሱሊን ወደ ስብ ሕዋስ ሲደርስ የሚፈጠረው ጥቂት ፐርኦክሳይድ የኢንሱሊንን ምልክት የሚያጠፉ ኢንዛይሞችን ለጊዜው ይገታል። በቀዩ ሕዋስም ፐርኦክሳይድ ሲበዛ ኤንኤዲፒኤች ይጎድላል፤ ጉድለቱ ራሱ ጂ6ፒዲን ያነቃል፤ ብዙ ግሉኮስም ወደ መከላከያው መንገድ ይዞራል።

ጂ6ፒዲ በውርስ በደከመባቸው ሰዎች ጥሪው ይሰማል፣ ምላሹ ግን አይበቃም። ይህ የታወቀው በ1956 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ፣ ፕሪማኪን በጎዳቸው ሰዎች ደም ላይ በተደረገ ምርምር ነው። መድኃኒቱ በሰውነት ውስጥ ሲለወጥ የኦክሲዴሽን ጫናን ያበዛል፤ ሄሞግሎቢን ይበላሻል፤ ሕዋሱ ይፈርሳል፤ ሽንት ይጠቁራል፤ ዓይን ቢጫ ይሆናል። የሚወደደው የባቄላ እሸት እንኳ ጉድለቱ ባለባቸው አንዳንድ ሰዎች ላይ ተመሳሳይ ጉዳት ያደርሳል። ዘረመሉ በኤክስ ክሮሞሶም ላይ ስለሚገኝ ጉድለቱ በወንዶች ላይ ይበልጥ ይታያል።

ቀድመው የሚፈርሱት ያረጁት ሕዋሳት ናቸው፤ በወጣቶቹ ውስጥ ኢንዛይሙ ገና አልተዳከመምና። ስለዚህ ጉድለቱ ቀላል ከሆነ የደም ማነሱ ከጊዜ በኋላ ሊገታ ይችላል። በከባዱ ዓይነት ግን ወጣቶቹም አይተርፉም፤ የ14 ቀኑ ሕክምና ከመጀመሩ በፊት የጂ6ፒዲ ምርመራ እንዲደረግ የሚመከረውም፣ ሽንቱ የጠቆረ ታካሚ ክኒኑን አቁሞ በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም መሄድ የሚገባውም በዚህ ምክንያት ነው።